እኩለ ቀን ላይ ለሚመሽባቸው

ጅማ ስንት ሰዓት ላይ ይመሻል ብትሉኝ ድሮ አሥራ ሁለት ተኩል ገደማ እላችሁ ነበር። ባለፈው ሐምሌ ፈረንጅ አራዳ አንድ በረንዳ ላይ ቡናዬን ይዤ እንደተቀመጥኩ ስህተቴን አረምኩ። ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነው፣ ያውም የቀን። አንዲት ነጭ ቶዮታ ዙሪያዋን በጥቁር ላስቲክ ተሸፍና፣ የፊት መብራቷን ቦግ አድርጋ፣ የኋላ ቀዩን አብርታ፣ እያዘገመች መጣች። አጠገቤ የነበሩ እናት ነጠላቸውን አዘቀዘቁና "ማን ሞቶ ነው ልጄ?" አሉኝ።

ማንም አልሞተም። ሰውየው መሽቶበት ነው።

እኔ እንዲህ ያሉትን ሰዎች ከልቤ አደንቃለሁ። የጎን መስታወትማ ማንም ያስለጥፋል። ለፀሐይ ነው፣ ለልጆቹ ነው፣ ለዕቃው ነው ይልና ያልፋል። የጎኑ የቱንም ያህል ቢጠቁር የመብራቱን ነገር አይነካውም። ታላቅነት የሚጀምረው የፊቱን መስታወት፣ ያንን ቦሎ የሚለጠፍበትን፣ ያስለጠፉት ዘንድ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ቢያንስ 70 ከመቶ ብርሃን ያሳልፍ ተብሎ የተሠራውን መስታወት አይተው "ይሄ ምን ዓይነት ራቁትነት ነው!" ብለው ልብስ ያለበሱት እነሱ ናቸው።

መኪናዋ ዓይን አላት። ከቡና ፍሬ ብዙም አትበልጥም። በብዙ ቶዮታዎች ክሩስኮቱ ላይ፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ጥቁር ጉብ ብላ ትታያለች። በሌሎች መኪኖች ደግሞ ከውስጥ ስፖኪዮው ጀርባ መስታወቱ ላይ ትለጠፋለች። ሴንሰር ይሏታል። የመብራት ማብሪያው "አውቶ" የሚለው ላይ ከሆነ ሥራዋ አንድ ነው፤ ሰማዩን በመስታወቱ በኩል አይታ "ነጋ" ወይም "መሸ" ማለት። መዋሸት አታውቅም፤ ያሳዩዋትን ትናገራለች። የፊቱን መስታወት ስታጠቁሩባት የሚሆነው ታዲያ በጾም ቀን መጋረጃ ዘግቶ ዶሮ ወጥ እንደ መሥራት ነው። መጋረጃውን የዘጋው ሰው ብቻ ነው የተሸወደው፣ ሽታው መንደሩን አዳርሷል።

ሒሳቡን እንየው። ብርሃን የሚለካው በሉክስ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የመኪና መብራት ደንብ ቁጥር 48 መሠረት፣ አውቶማቲክ መብራት ውጭው ከ1,000 ሉክስ ሲያንስ በ2 ሰከንድ ውስጥ መብራት፣ ከ7,000 ሲበልጥ ደግሞ መጥፋት አለበት። ልኩ እንደ መኪናው ዕድሜና ስሪት ይለያያል፣ እኛ በዚህኛው እናስላ። ጠራራ ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ስለዚህ 20 ከመቶ ብቻ የሚያሳልፍ ላስቲክ ያስለጠፈ ሰው በኅዳር ፀሐይ ቢወጣ ሴንሰሯ ጋ 20,000 ይደርሳል፤ ቀን መሆኑ አይጠፋትም። ሰውየውም "ማን ነው መብራት ይረብሻል ያለው?" ብሎ ይፎክራል።

ጅማ ግን ኅዳር ብቻ አይደለችም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚወርድባት አገር ናት። የሐምሌ ደመና ከብዶ ከሰማዩ 4,000 ሉክስ ቢቀር፣ ያ ላስቲክ 800 ያደርገዋል። አለቀ፣ መሸ። 5 ከመቶ የሚያሳልፈውን የመረጠው ጀግና ደግሞ ከዚህ ይልቃል። ዛፍ ጥላ ሥር ሲያልፍ መብራቱ ይበራለታል። ከጥላው ወጥቶ ሙሉ ፀሐይ ላይ ቢቆም እንኳ ሴንሰሯ የምታየው 5,000 ነው፤ 7,000 ስላልሞላ አታጠፋም። ሰውየው አንዲት ዛፍ ሥር የያዘውን ሌሊት ይዞ ከተማውን ሁሉ ይዞርበታል።

ስዊድኖች መኪና ሁሉ ቀን መብራት አብርቶ እንዲሄድ በ1977 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥተው አስገደዱ። አውሮፓ ኅብረት አዳዲስ የመኪና ሞዴሎች የቀን መብራት ይዘው እንዲመረቱ ከ2011 ጀምሮ ደነገገ። ይህን ሁሉ ጣጣ እኛ በአንድ ጥቅል ላስቲክ ጨረስነው። ያለ ሕግ፣ ያለ ምክር ቤት፣ ያለ ቅጣት! እርግጥ የእነሱ የቀን ነው፣ የኛ የሌሊት። የቀን መብራት የሚባለው ፊት ለፊት ብቻ የሚበራ፣ ሌላው ሰው መኪናዋን በሩቁ እንዲያያት የተሠራ ደማቅ ብርሃን ነው። መኪናዋ መሽቷል ብላ ካመነች በብዙ ሞዴሎች ላይ ይህንኑ ራሱን ታደበዝዘዋለች ወይም ታጠፋዋለች፤ ተራው የዋናው የፊት መብራት ሆኗላ። ስለዚህ የኛ ሰው "የቀን መብራት አላት" ተብሎ ለደላላ ጨምሮ የከፈለበትን ነገር ላስቲክ ለመለጠፍ ደግሞ ከፍሎ ያጠፋዋል። ቸርነት ማለት ይሄ ነው።

የክሩስኮቱ ነገር ደግሞ አለ። መኪናዋ መሸ ስትል ለነጂው ዓይን አዝና የፍጥነት መቁጠሪያውንና የሬዲዮውን መስኮት ታደበዝዛለች። በጨለማ ይህ ደግነት ነው። በእኩለ ቀን ግን ቁጥሩ አይታይም። ትራፊኩ አስቁሞ "በስንት ነበር የምትነዳው?" ሲለው "እኔ ምን አውቄ" ብሎ በሐቅ የሚመልስ ሹፌር ካያችሁ አትፍረዱበት።

(ላስቲክ መግዣ ያነሰው ክሩስኮቱ ላይ ያንን ጸጉራም ምንጣፍ ያነጥፍና ሴንሰሯን እንዳለች ይቀብራታል። ውጤቱ ያው ነው። ድሃም ይመሽበታል።)

የነጯ ቶዮታ ባለቤት የሰፈሬ ሰው ነው፤ ጅማ ከገባ ሁለት ዓመቱ። መብራቷ ቀን ቀን እየበራ ቢያሳስበው ጋራዥ ወሰዳት። መጀመሪያ ፊውዝ ቀየሩለት። ቀጥሎ ሪሌ። ከዚያ "ሴንሰሩ ሞቷል፣ ከአዲስ አበባ ይምጣ" ተባለ። መጣ፣ ተገጠመ፣ አዲሷም በዚያው ላስቲክ በኩል ሰማዩን አይታ "መሸ" አለች። ሴንሰሯ ፊት ያለውን ላስቲክ በምላጭ ቆርጦ ሳንቲም የምታህል መስኮት መክፈት ብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ጋራዡም ይህንን ሐሳብ አቅርቦ ነበር አሉ። ወዳጄ ግን "ተበሳስቶ ያምራል እንዴ?" ብሎ እምቢ አለ። መጨረሻ ላይ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ማብሪያውን ከ"አውቶ" ወደ "ጠፋ" አዞረለትና ሂሳቡን ተቀበለ።

ቀደም ሲል ወዳጄ አንድ ነገር አጫውቶኝ ነበር።

"ወንድሜ፣ የጅማ ሰው እንዴት ያለ ሰው ወዳድ ነው!" አለኝ። "መርካቶ በል ቆጪ በል፣ የሚያየኝ ሁሉ እጁን አንስቶ ጣቱን ሰብሰብ ዘርጋ፣ ሰብሰብ ዘርጋ እያደረገ ሰላም ይለኛል። እኔም እመልሳለሁ፣ በላስቲኩ ባያዩኝም።"

"የባጃጅ ልጆቹስ?"

"እነሱማ ከሰው ጋር ያመሳስሉኛል መሰለኝ። ባለፉኝ ቁጥር 'ኢብሳ! ኢብሳ!' ይሉኛል። ይሄ ኢብሳ የሚሉት ሰውዬ መቼም ታዋቂ ነው።"

ኢብሳ ታዋቂ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው። በአፋን ኦሮሞ መብራት ማለት ነው። ይህን ልነግረው አፌን ከፈትኩና የፊቱን ደስታ አይቼ ዘጋሁት። ሰው እንዳይለየኝ ብሎ ከአናት እስከ እግሩ ጥቁር የለበሰ፣ ግን ፀሐይ የሞቀው አገር ያወቀው ሆኖ በየመንገዱ ሰላምታ የሚጎርፍለት ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው።

ባለፈው ማክሰኞ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ አጂፕ አካባቢ መንገድ ልሻገር ቆሜ ነበር። ካፊያ አለ፣ የእውነት ጨለማ። አንድ ጥላ ሞተር እያሰማ ሲመጣብኝ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ነጯ ቶዮታ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ መብራቱን ራሷ ስታበራለት የኖረ ሰው ማብሪያው "ጠፋ" ላይ መሆኑን ከየት ያስታውስ? ፊትም ኋላም ድርግም ብላለች። ከኋላዋ የነበረው የባጃጅ ልጅ ለጥቂት ነው የተረፈው። ደርሶ ጎን ለጎን ሆነና በሙሉ ጉሮሮው ጮኸ፦

"ጋሼ! ኢብሳ! ኧረ ኢብሳ!"

ጥቁሩ መስታወት ሦስት ጣት ያህል ዝቅ አለ።

"አይደለሁም ልጄ" አለ ወዳጄ ከውስጥ፣ በትሕትና። "ተሳስተሃል።"