3 ነጥብ ማለት ኦቲዝም አለ ማለት አይደለም

አንድ ጽሑፍ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ዲያና ሮቢንስና ባልደረቦቿ ባዘጋጁት ኤም-ቻት-አር መጠይቅ 3 ነጥብ ያገኘ ልጅ ኦቲዝም እንዳለበት አድርጎ ማቅረቡ ወላጅን በከንቱ ያስደነግጣል። ይህ ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት የቀረበ ወላጅ የሚመልሰው የ20 ጥያቄ ቅድመ ልየታ ነው፤ ተጨማሪ ምርመራ የሚያስፈልገውን ልጅ ይጠቁማል እንጂ ኦቲዝም መኖሩን አያረጋግጥም። ከ3 እስከ 7 ከመጣ፣ ነጥብ ያስቆጠሩት ጥያቄዎች በምሳሌ እየተብራሩ እንደገና ይጠየቃሉ፤ ያኔም 2 ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ ነው ልጁ ወደ ባለሙያ የሚላከው። 8 ከሞላ ግን በቀጥታ መላክ ይቻላል።

ድምሩ በቀላሉ ሊበላሽ የሚችለው 2ኛ፣ 5ኛና 12ኛ ጥያቄዎች ላይ ነው፤ በነዚህ ነጥብ የሚያስቆጥረው «አዎ» ነው፣ በሌሎቹ «አይ»። 6ኛና 7ኛውም ይምታታሉ፦ ልጁ ብስኩት ፈልጎ በጣቱ መጠቆሙ አንድ ነገር ነው፣ አውሮፕላን ጠቁሞ እናቱ ማየቷን ዞር ብሎ ማረጋገጡ ሌላ። ሁለተኛው ከሌለ፣ ልጁ ቃላት ቢናገር እንኳ ችላ አይባልም።