የእንጦጦው ተረኛ ማን ይሁን?

በታኅሣሥ 1970 (እ.ኤ.አ.) ከኬንያዋ ማሊንዲ አቅራቢያ፣ ባሕር ላይ ከቆመ መድረክ አንዲት ሳተላይት ተተኮሰች። ዕለቱ የኬንያ የነጻነት በዓል ነበርና ኡሁሩ ተባለች፤ በስዋሂሊ ነጻነት ማለት ነው። ሥራዋ ከሰማይ የሚመጣ ኤክስሬይ መፈለግ ነበር። ኤክስሬይ የምድርን አየር አልፎ ስለማይደርሰን ወደ ላይ መውጣት ግድ ነው።

ካገኘቻቸው አንዱ ሄርኩለስ ኤክስ-1 ነው። ክብደቱ ፀሐይን የሚበልጥ፣ ስፋቱ ግን አዲስ አበባን የሚያህል ኒውትሮን ኮከብ፤ ማለትም ከፈነዳ ግዙፍ ኮከብ የተረፈ እጅግ የታመቀ እምብርት። በየ1.24 ሰከንዱ ብልጭ ይላል። ረጋ ብላችሁ አጨብጭቡ፤ ፍጥነቱ እሱ ነው። ከጎረቤቱ ኮከብ ጋዝ ይስባል፤ ጋዙ ሲወድቅበት እየጋለ ኤክስሬይ ይረጫል።

እኔን የሚገርመኝ ጎረቤቱ ነው። ወደ ኒውትሮኑ የዞረው ፊቱ በኤክስሬዩ ይግላል። በየ1.7 ቀኑ ያ ፊት ወደ እኛ ሲዞር ይደምቃል፣ ሲሸሽ ይደበዝዛል። በ35 ቀን ዑደት ውስጥ ደግሞ ኤክስሬዩ ለብዙ ቀናት ይሰወርብናል። በኒውትሮኑ ዙሪያ እንደ ሰፌድ የተዘረጋው ጋዝ ጠመም ያለ ስለሆነ ይጋርደዋል። በእነዚያ ቀናት የጎረቤቱ መድመቅና መደብዘዝ ግን አይቆምም። ልጅ ሳለሁ ማታ ማዕድ ቤቱ በር ላይ ስቆም፣ እናቴ ምድጃው ፊት ጎንበስ ካለች እሳቱ አይታየኝም ነበር። ግድግዳው ላይ የሚንቀለቀለው ብርሃን ግን እሳቱ እንዳልጠፋ ይነግረኛል።

በመስታወት ላይ የተነሱ አሮጌ የሰማይ ፎቶዎች ሲመረመሩ፣ ይህ የጎረቤቱ መለዋወጥ ራሱ ለዓመታት የቆመባቸው ጊዜያት ተገኝተዋል። ፎቶዎቹን ያነሱት ሰዎች ስለ ኤክስሬዩ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ሰማዩን ሌሊት በሌሊት መዝግበው አስቀመጡ፣ በቃ።

እንጦጦ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። ስለ ሕዋ ስናወራ ግን ወሬያችን ቶሎ ወደ ሳተላይት ይሮጣል። ይህ የሄርኩለስ ኤክስ-1 ጎረቤት ኮከብ ለእነዚህ ቴሌስኮፖች አይከብድም። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከፍ ይላል። የከተማው መብራት ቢያስቸግርም፣ ከጎኑ ካለ የማይለዋወጥ ኮከብ ጋር እያነጻጸሩ መለካት ይቻላል።

አንድ ተማሪ ተረኛ ይሁን። ደመና በሌለበት ሌሊት ሁሉ ይለካ፣ ይመዝግብ፣ ቁጥሩን ለሌሎች ክፍት ያድርግ። በጀት የሚይዙ ሰዎችም ለሌሊት ትራንስፖርትና ለመጠባበቂያ ጄነሬተር አይሰስቱ። ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን ዳግም የሚጠፋበት ሌሊት ከመጣ፣ እንጦጦ ላይ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው እንዲኖር እፈልጋለሁ።