ምግብ ቤት ስላለን ሀብታም አይደለንም

«እናንተማ ምግብ ቤት አላችሁ፣ ምን ጎደላችሁ?» የሚሉን ሰዎች አንጀቴን ያቃጥሉኛል። ወንበሩ ሞልቶ ሲያዩ ኪሳችንም የሞላ ይመስላቸዋል።

ከሚገባው ገንዘብ ሲሶ ያህሉ ለምግብ ግብዓት ይሄዳል። ከዚያ ኪራይ፣ ደሞዝ፣ ጋዝ፣ መብራት፣ ግብር። በዚህ ሥራ ከመቶ 5 የተረፈው ሰው ዕድለኛ ነው። ፍሪጅ አንድ ሌሊት ከተበላሸ እሷም ትሄዳለች።

ኪራይ ደግሞ ደንበኛ መጣ አልመጣ ብሎ አይጠይቅም። አከራዩ ውል በታደሰ ቁጥር የሚጨምርብን ቤቱን አድሶልን አይደለም። ሰው ቦታውን ስለለመደው ነው። ያስለመድነው እኛ፣ የምንቀጣውም እኛ!

የምግብ ማድረሻ አፕ የሚባለውም አለ። ብዙዎቹ ከእያንዳንዱ ትዕዛዝ ከ15 እስከ 30 በመቶ ይቆርጣሉ። ዋጋ ብንጨምር ደንበኛ ይሸሻል። ከአፑ ብንወጣ የሚያየን የለም።

ከሁሉም የሚያመኝ ግን የእናቴ ነገር ነው። የሠራተኞቹን ደሞዝ አንድ ቀን አታሳልፍም። ለራሷ ግን ከፍላ አታውቅም። አባቴ ወገቡን እያመመው ጆንያ ይሸከማል። ታናሽ እህቴ ጥግ ላይ ታጠናለች፤ ሰው ሲገባ ደብተሯን ሰብስባ ትነሳለች። ይሄ ሁሉ ጉልበት የትኛውም የሂሳብ መዝገብ ላይ የለም። ቢጻፍማ ኖሮ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቶ ነበር።

እና እባካችሁ፣ ጠረጴዛ አስይዛችሁ ከቀራችሁ ቢያንስ ደውሉ። ዘመድ ነን ብላችሁም በዱቤ በልታችሁ አትጥፉ።