ክርክር፦ መርሳት ሐኪም ቤት ያስኬዳል ወይ?

ሲስተር (ከደብረ ብርሃን)፦ "ጃጅተዋል" እየተባለ ስንት ሰው በር ተዘግቶበታል! ማስታወስን የሚነጥቀው አልዛይመር እርጅና ሳይሆን በሽታ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ አንዲት ሴት በሽታ ተናገረ። ሴትዮዋ ሐኪም ቤት የገባችው በ51 ዓመቷ ነበር። ይሄ መጃጀት ነው? አንጎል ውስጥ አሚሎይድና ታው የሚባሉ ፕሮቲኖች ይጠራቀማሉ፣ ሴሎቹ ይሞታሉ። መድኃኒትም አለው። አምጧቸው።

የመሐል ሜዳው (ከመንዝ)፦ "መድኃኒትም አለው" አሉ ሲስተር። እሰይ! አምና በግ ሸጠን እናቴን አዲስ አበባ ወሰድናት። ዶኔፔዚል ታዘዘላት። ስድስት ወር ዋጠች። ተቅማጥ ነው ያተረፈችው። ዛሬም "አንተ የማን ልጅ ነህ?" ትለኛለች። የጻድቃኔ ማርያም ጠበል ከጠጣች ወዲህ ግን ሌሊት ተኝታ ታድራለች።

ሲስተር፦ ጠበሉን ማን ነካብዎት? እኔም እጠመቃለሁ። ዶኔፔዚል አሴቲልኮሊን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ቶሎ እንዳይፈርስ ይረዳል። አንዳንዱን ለጊዜው ደገፍ ያደርገዋል። በሽታውን ግን አያቆመውም።

የመሐል ሜዳው፦ ይኸው! እኛ ጋ "በሬ አለኝ" ያለ ሰው ሲያርስበት ይታያል። ሌካኔማብ ስለሚሉት የአልዛይመር መድኃኒትም ልጄ አንብቦልኛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 አጸደቀችው። ሲወጣ በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ ነበር፤ ዋጋውም በዓመት 26,500 ዶላር ነበር። ያን ሁሉ ተከፍሎበት በ18 ወር መባባሱን ያዘገየው 27 በመቶ ነው። አንጎል ሊያብጥና ሊደማም ይችላል። ስንት በግ ልሽጥ? የመንዝ በግ ሁሉ ቢነዳ አይበቃ!

ሲስተር፦ ሌካኔማብ ግዙ ያለዎት ማን ነው? እሱ በሽታው ገና ለጀመረው ሰው ነው። አምጧቸው ያልኩት ለምርመራ ነው። የሚረሳ ሁሉ አልዛይመር የለበትም። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ አለ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት አለ፣ ድብርት አለ። የሽንት ኢንፌክሽን እንኳ አሮጊት ያስቀባጥራል። እነዚህ ይታከማሉ። እናትዎ ደማቸው ተመርምሯል?

የመሐል ሜዳው፦ ያስቀባጥራል? እናቴ ቀባጣሪ አይደለችም፣ ሲስተር! ድሮ ለቅሶ ቤት ሙሾ የሚወርደው እሷ ስትደርስ ነበር። ስሜን ብትረሳ ግጥሙን አልረሳችም። እኛ እናታችንን በወግ እንጦራለን። በርም አንዘጋባትም።

ሲስተር፦ ለቃሌ ይቅርታ። የጠየቅኩት ስለ ደም ምርመራው ነበር፣ ዘለሉት። ይሁን። "እንጦራለን" ያሉት ግን ስንት ሆናችሁ ነው? ልብሳቸውን የሚያጥበው ማን ነው? ተኝተው ማደራቸውንስ ማን ነገረዎት? አብረዋቸው የሚያድሩት እርስዎ ነዎት?

የመሐል ሜዳው፦ እህቴ ናት። ይሄ ከመድኃኒት ጋር ምን አገናኘው? መጀመሪያ "አለው" ያሉትን ይሰርዙ።

ሲስተር፦ ሰርዤዋለሁ። በሚቀጥለው ዙር እርስዎ ይቅሩና እህትዎ ይጻፉ።