ፋይሉ ጠፍቷል

አባቴ ጡረታ ሊወጣ ሲል የግል ማህደሩ የለም ተባለ። የመስሪያ ቤቱን ስም ልተወው። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ "ቢሮ ስንቀይር ምድር ቤት ቀርቶ ውሃ ገባበት መሰለኝ" ብላ ሸኘችን፣ መሰለኝ! የሰው ሃያ ምናምን ዓመት።

ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መፃሕፍትና ቤተ መዛግብት) ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መፅሐፍ የሚነበብበትን አዳራሽ ነው። በ1936 ዓ.ም. ሲከፈት ግን ቤተ መፃሕፍት ብቻ አልነበረም፣ "ወመዘክር" የሚለው እኮ ስሙ ላይ ያለው በምክንያት ነው። የመንግስት መዛግብት እዛ እንዲጠበቁ አዋጅ 179/1991 አለ። ችግሩ ወመዘክር ራሱ ፋይል አይፈጥርም፣ መስሪያ ቤቶቹ ሳያስረክቡት ምድር ቤት ከበሰበሰ ወይ በኪሎ ተሸጦ የበርበሬ መጠቅለያ ከሆነ ምኑን ይጠብቀው?

ወረቀት ምን እንደሚሰራ ማየት የፈለገ የቀይ ሽብርን ችሎት ያስታውስ። ደርግ ማህተምና ፊርማ ይወድ ነበር፣ ሰው የገደለበትን ሳይቀር ፋይል አድርጎ አስቀምጧል፣ ልዩ አቃቤ ህግም እነዛን ሰነዶች ለቃቅሞ በ1987 ችሎት ፊት አቀረባቸው እና በ1999 እነ መንግስቱ በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። ምስክር ይሞታል፣ ይፈራል፣ ይረሳል። የተፈረመበት ወረቀት ግን እዛው ነው፣ ቁጥርና ቀን አለው።

አሁንስ? ስብሰባ የሚጠራው በቴሌግራም፣ መመሪያ የሚወርደው በቴሌግራም፣ ደብዳቤው ቲተር ተመትቶበት ፎቶ ይነሳና ግሩፕ ላይ ይለቀቃል፣ ኢሜይሉ ደግሞ የሃላፊው የግል ጂሜይል ነው (ይሄን ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፣ ግን እውነት ነው)። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የኛን ዘመን የሚያጠና ሰው ከደርግ ታይፕራይተር ያነሰ ነገር ነው የሚያገኘው። አዋጅ 590/2000 መረጃ የጠየቀ ሰው በ30 ቀን መልስ ያግኝ ይላል፣ ጥሩ ነው፣ ግን መልሱ "ፋይሉ የለም" ከሆነ መብቱ ምን ላይ ሊያርፍ ነው?

እና ስካነር ተገዛ፣ ዲጂታል ሆንን ሲባል ብዙም አይሞቀኝም። ስካን የሚደረገው የተረፈው ነው። እኔ የምለው ርክክቡ ላይ ነው። ወንበር እንኳን ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ቅፅ) ተፈርሞ ይወጣል፣ ሃላፊ ሲነሳ ወንበሩም መኪናውም ተቆጥሮ ነው የሚመልሰው። ፋይሉንና የግሩፑን ቻት የሚቆጥርበት ሰው የለም። ላፕቶፑንም ያስረክባል አዎ፣ ፎርማት አድርጎ።