ስለ ማሪ ክሌር አሌን ትንሽ ልጨምር

ስለ ፈረንሳዊቷ የኦርጋን (በቧንቧዎች ውስጥ በሚያልፍ አየር የሚሰማ ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ) ተጫዋች ማሪ ክሌር አሌን (እ.ኤ.አ. 1926–2013) የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። ግን ኮንሰርቶቿን ስትዘረዝሩ የሥራው ክብደት ተዘለለ። ቫዮሊን ተጫዋች የራሱን ይዞ ይዞራል። እሷን ይጠብቃት የነበረው ግን ከሕንፃው ጋር የተተከለ፣ በየከተማው የተለየ ኦርጋን ነው። የእጅ ቁልፎቹ ድርድር፣ የእግር መርገጫው፣ የድምፅ መምረጫው ሁሉ ይለያያል። ድምፁ በካቴድራሉ ውስጥ እያስተጋባ ቶሎ የማይጠፋ ከሆነ ደግሞ ረጋ ብላ መጫወት ነበረባት። ይህን ሁሉ ሕዝቡ ሳይገባ በፊት መልመድ ግድ ነው!

የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን የኦርጋን ሥራዎች በሙሉ ሦስት ጊዜ መቅረጿ ያስደንቀኛል። ከብዙ አገር የመጡ ተማሪዎችንም አስተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1940 በጦርነት የሞተው ወንድሟ ዣን አሌን የጻፋቸውን የሙዚቃ ሥራዎች ዕድሜዋን ሙሉ ተጫውታለች። እባካችሁ፣ ስለ እሱም ጻፉልን።