ፔንሲልቬንያ በሐዋሳ ሚዛን

የአሜሪካ ዲሞክራቶች ለ2028 የፕሬዚዳንት ምርጫ ማንን እናቅርብ ብለው ገና ተጨንቀው አልጨረሱም። ሐዋሳ ፒያሳ፣ ካፌ በረንዳ ላይ ግን ነገሩ በየማታው ይቋጫል፤ ሁለት ማኪያቶ፣ አንድ ስፕሪስና አንድ አምቦ ውኃ እስኪያልቅ ነው። በማግስቱ እንደ አዲስ ይከፈታል።

ይህን ትጋት አይቶ የማያደንቅ ምስጋና ቢስ ነው። ምርጫው የሚካሄደው ኖቬምበር 7 ቀን 2028፣ በእኛ ጥቅምት 28 ቀን 2021 ዓ.ም. ነው። ከካፌው መዛኞች አንዱም ድምፅ አይሰጥበትም፤ ሁለቱ ቪዛ ተከልክለዋል፣ አንደኛው ሁለቴ። ውሻ እንኳ በበላበት ነው የሚጮኸው። ሳይበሉ፣ ሳይጠሩ፣ ሳይከፈላቸው ለሚሺጋን እንቅልፍ የሚያጡ ሰዎችን ያፈራ ከተማ ሐውልት ቢያቆምላቸው አይበዛባቸውም።

አሠራሩን ለማያውቅ እንናገር። ለአንድ ሙሉ ትንተና አራት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የአክስት ልጅ ያለው፤ የመረጃ ምንጭ እሱ ነው። ሁለተኛው ዩቲዩብ የሚከታተል። ሦስተኛው ማንም ምንም ቢል የሚቃወም። አራተኛው የሚከፍል። አራተኛው የቀረ ዕለት ትንተናው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም፤ ደጋግሞ የታየ ብልሽት ነው። የአክስት ልጅ ቃል ይግባኝ የለውም፣ «እዚያ ያለ ሰው ነው የሚያውቀው»። ሜሪላንድ ከ1992 ጀምሮ ሳታዛንፍ ለዲሞክራት እንደምትሰጥ፣ 10 ድምጿም (ፕሬዚዳንቱን የሚለየው ለየግዛቱ የተመደበው ድምፅ ነው) ከወዲሁ የተቆጠረ በመሆኑ ለዋናው ምርጫ የዚያን ዘመድ ደጅ ለማንኳኳት ጫማውን የሚጨርስ እጩ እንደሌለ ማንሳት ግን ነውር ነው።

ከዚያ ሚዛኑ ይወጣል። የመጀመሪያው ድንጋይ መልክ ነው፤ እዚህ ላይ ጋቪን ኒውሰምን የሚደፍር የለም። «ፕሬዚዳንት ይመስላል» ከተባለ አበቃ። ጸጉሩ ብቻውን 20 ደቂቃ ይፈጃል። ሰውዬው ካሊፎርኒያን ከ2019 ጀምሮ የያዘ አገረ ገዢ መሆኑ፣ የግዛቷ ሕግ ከሁለት ዘመን በላይ ስለማይፈቅድ በ2027 መጀመሪያ ወንበሩን መልቀቁ ግድ እንደሆነ፣ ይህም እጁን ለዘመቻ ነፃ እንደሚያደርግለት፣ የግዛቷ የቤት ውድነትና ጎዳና ላይ የሚያድረው ሕዝብ ግን በየክርክሩ እንደሚጠብቀው፣ ይህ ሁሉ ከጸጉሩ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜም አይመጣም።

ሁለተኛው ድንጋይ ስም ነው። ፒት ቡቲጀጅ የሳውዝ ቤንድ ከንቲባ ነበር፣ በባይደን ዘመን የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆነ፣ አፉ የተባ ነው። ምን ያደርጋል፣ ስሙ አይወጣም። ሦስት ሰው «ቡቲ…» ብሎ ይጀምርና ሦስት ቦታ ላይ ይሰናከላል፤ ከዚያ «ያ ከንቲባው» ተብሎ በስምምነት ይታለፋል። ሰውን በስሙ ርዝመት ከውድድር ለማስወጣት የሚያስችል ድፍረት ለሁሉም አልተሰጠም።

ሦስተኛው «አሜሪካ ለሴት አልደረሰችም» የሚባለው ነው። ማስረጃውም ካማላ ሃሪስ በ2024 በ312 ለ226 የግዛት ድምፅ መሸነፏ። ባይደን ጁላይ 21 ቀን ከውድድሩ ሲወጣ ለምርጫው 107 ቀን ብቻ ቀርቶ እንደነበር አይቆጠርም። ግሬቸን ዊትመር፣ ሁሉም የሚሻማባትን ሚሺጋንን በ2018ም በ2022ም አሸንፋ አገረ ገዢ መሆኗም እንዲሁ። ይህን ብይን የሚሰጡት ወንዶች ማታ ቤታቸው ሲገቡ ገንዘብ ሚኒስቴሩም ውጭ ጉዳዩም በማን እጅ እንዳለ የምናውቅ እናውቃለን፤ እናልፈዋለን።

ገንዘብም አለ። የኢሊኖዩ አገረ ገዢ ጄቢ ፕሪትዝከር የሃያት ሆቴሎች ቤተሰብ ልጅ ስለሆነ «ጠግቦ የመጣ አይሰርቅም» ይባልለታል። ገንዘብ ብቻውን ምን እንደሚገዛ ሪፐብሊካኑ ጄብ ቡሽ በ2016 አሳይቶ ነበር፤ ደጋፊዎቹ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስበውለት ይዞ የወጣው የፓርቲውን እጩ ከሚመርጡት የጉባኤ ልዑካን 4 ብቻ ነው። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ እስከ ዛሬ ከተገዙት ልዑካን ሳይወደዱ አይቀሩም።

ነገር ግን ጠረጴዛው ሒሳብ አያውቅም የሚል ካለ ይቅርታ ይጠይቅ። ሶፍት ላይ እንዲህ ይጻፋል፦ የሃሪስ 226፣ ፔንሲልቬንያ 19፣ ሚሺጋን 15፣ ዊስኮንሲን 10። ሲደመር ልክ 270፤ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ያው ነው፣ አንድ እንኳ አይተርፍም። ሒሳቡ ትክክል ነው፣ እንኮራበታለን። ከሒሳቡ ቀጥሎ የሚመጣው ነው የሚጣፍጠው፦ «ስለዚህ የፔንሲልቬንያው አገረ ገዢ ጆሽ ሻፒሮ ይቅረብ፣ 19ኙን ከቤቱ ይዞ ይመጣል»። የዲሞክራቶቹ እጩ አል ጎር በ2000 የፖለቲካ መነሻ ግዛቱን ቴነሲን፣ ከነ11 ድምጿ፣ ከቤቱ ይዞ መምጣት አቅቶት ነበር። ይዟት ቢመጣ ኖሮ የፍሎሪዳ ድምፅ ተቆጠረ አልተቆጠረ እየተባለ ፍርድ ቤት ባልተደረሰ። ይህን ያነሳ ሰው ግን ማኪያቶው እንደቀዘቀዘ ይነገረዋል።

የፓርቲውን የውስጥ ምርጫማ መዛኞቻችን ከነአካቴው ዘለውታል። በዲሞክራቶች ደንብ አንድ ተወዳዳሪ ልዑካን ለማግኘት ቢያንስ 15 በመቶ ድምፅ ማምጣት አለበት፤ ከዚያ በላይ ያመጡት እንደየድርሻቸው ይካፈላሉ። በ2020 ከ3,979 ተመራጭ ልዑካን 1,991 ያገኘ ነበር በመጀመሪያው ዙር እጩ የሚሆነው፤ የፓርቲው ሹማምንት በዚያ ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ ከ2018 ጀምሮ ታግደዋል። ስለዚህ አንድ ግዛት ላይ ሁለተኛ መውጣት ሞት አይደለም፤ ከ15 በመቶ በታች መውረድ ግን ነው። ጠረጴዛው ይህን ሁሉ አሳጥሮ «ወይ ሁሉን ወይ ምንም» ብሎታል። ያሳጠረውም ለአድማጭ አዝኖ ነው።

በዚሁ «ወይ ሁሉን ወይ ምንም» ደንባቸው ነው በ2020 ባይደንን በቁሙ የገደሉት። አዮዋ ላይ አራተኛ፣ ኒው ሃምፕሸር ላይ አምስተኛ ሲወጣ ተቀበረ፣ ሰልስቱም ወጣ፣ ድንኳኑም ተነሣ። ከዚያ ሳውዝ ካሮላይና መጣች። የዲሞክራት መራጩ አብላጫ ጥቁር በሆነባት ግዛት ተሰሚው የኮንግሬስ አባሏ ጂም ክላይበርን በፌብሩዋሪ 26 ድጋፉን ሰጠው፤ በሦስተኛው ቀን ባይደን በሰፊው አሸነፈ። ሬሳው ተነሥቶ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከለቀስተኞቹ አንድ ሰው ይቅርታ ጠየቀ? በፍጹም! በማግስቱ አራቱም «እኔ ያኔውኑ ብዬ ነበር» አሉ። ተንታኝ እንዲህ ነው የሚለየው፤ ሌላው ሰው ይሳሳታል፣ ተንታኝ ግን «ሁኔታው ይቀየርበታል»።

የምርጫው ሌሊት ያለውን መሥዋዕትነትም አንርሳ። ጆርጂያ ሳጥኗን የምትዘጋው በእኛ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፣ ፔንሲልቬንያ 10 ሰዓት። ውጤቱ የሚጠራው ሲነጋ፣ አንዳንዴም እንደ 2020 ከቀናት በኋላ ነው፤ ፔንሲልቬንያ በፖስታ የመጣውን ድምፅ ከምርጫው ቀን ጠዋት በፊት መክፈት በሕግ ስለማትችል። በማግስቱ ቢሮ የሚያንቀላፋ ሠራተኛ ካያችሁ አትቆጡት፤ ፊላዴልፊያን ሲቆጥር ነው ያደረው።

የመጨረሻው ድንጋይ «ለኢትዮጵያ የሚመቸው ማን ነው» የሚለው ነው፤ እዚህ ላይ ጨዋነታቸው ልብ ይነካል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ፊርማ እዚህ ከተማ ድረስ መጥቶ እንደሚያውቅ አንዴም አያነሡም። አጎዋን፣ የአፍሪካ ሸቀጥ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅደውን ሕግ፣ በ2000 ያወጣው ኮንግሬስ ነው፤ የትኛው የአፍሪካ አገር ገባ፣ የትኛው ወጣ የሚለውን በየዓመቱ ሲወስን የኖረው ግን ፕሬዚዳንቱ ነው። ባይደን ኢትዮጵያን ከጃንዩዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ አስወጣት። በ2016 የተከፈተው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተሠራው በአብዛኛው ልብስ ሰፍቶ ወደዚያው ገበያ ለመላክ ነበር፤ ያለ አጎዋ ከአርቲፊሻል ክር የተሠራ ሸሚዝ እስከ 32 በመቶ ቀረጥ ይጠብቀው ነበር። የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች ጃንዩዋሪን አልጠበቀም፤ ኖቬምበር 2021 ላይ እዚህ ያለውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ከየወረዳው መጥተው አራትና አምስት ሆነው አንድ ክፍል ተከራይተው ይሠሩ የነበሩ ልጆች ዕቃቸውን ሸከፉ።

እንግዲህ ለኒውሰም፣ ለዊትመር ወይም ለሻፒሮ ከሐዋሳ አንድ ጥያቄ ይቅረብ ቢባል የቱ እንደሚሆን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። መዛኞቻችን ግን እንዲህ ወደ ጥቅም አይወርዱም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያው ላይ የሚቆመው አባ ኮዳ ስግብግብ ነው፤ የዓሣ ሆድ ዕቃ ከሚወረወርለት ጀልባ ላይ ዓይኑን አይነቅልም፣ ሐይቁ ማዶ ያለውን ጀልባ ዞር ብሎም አያይ። ሰው ግን ከአሞራ ይሻላል፤ ሐይቅ ማዶ ቀርቶ ውቅያኖስ ማዶ ያለውን ጀልባ፣ ያውም የቀዛፊውን ጸጉር ይመዝናል።

(የራሳችን ፕሬዚዳንት በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ለ6 ዓመት ነው የሚመረጡት። ይህ ጠረጴዛው ላይ ሲነሣ አንዱ «እንዴ፣ ስድስት ነው እንዴ?» ብሎ ወደ ዊስኮንሲን ይመለሳል።)

እሑድ ጠዋት ደግሞ የሰፈር ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ አለ። አራቱም ይገኛሉ፤ አለመገኘት ያስቀጣላ። የሊቀ መንበር ምርጫ ሲደርስ ጸጥ ይላል። የሲልቨር ስፕሪንጉ ስልኩን ያያል፣ ባለ ዩቲዩቡ የጫማ ክሩን ያስራል፣ ተቃዋሚውም ለመጀመሪያ ጊዜ አይቃወምም። ከኋላ አንድ ድምፅ «ጋሼ ለምን አይሆኑም?» ይላል። ጋሼ የሉም፣ ሻሸመኔ ለቅሶ ሄደዋል። ብቃታቸው ይኸው ነው። የዕድሩ ሣጥን ስንት ብር እንዳለው የጠየቀ የለም፣ ያለፈው ሒሳብ ተመርምሮ እንደሆነም እንዲሁ፤ እጅ ከመቆጠሩ በፊት ተጨብጭቧል። ጋሼ ማታ ከለቅሶ ሲመለሱ ለሁለት ዓመት ሊቀ መንበር መሆናቸውን ከዘበኛው ይሰማሉ። አራቱ ግን ቀድመው ወጥተዋል፤ ሚሺጋን ላይ አዲስ የሕዝብ አስተያየት ወጥቷል፣ ማኪያቶውም ታዟል።